ነፍስ አድኑ ሄሊኮፕተር አሮጌ ይሁን ወይስ አዲስ?

ጀልባው የሰጠመበት ዓሣ አጥማጅ በቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ሆኖ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ፣ የሚመጣለት ሄሊኮፕተር በየትኛው ዓመት እንደተሠራ አይጠይቅም። እርሱ የሚጠይቀው ይደርስልኛል ወይስ አይደርስልኝም ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ግልጽ የመሆኑን ያህል፣ ለፍለጋና ለነፍስ አድን ሥራ የሚውሉ ሄሊኮፕተሮችን ለመምረጥ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ ደብዛው ሲጠፋ ይታያል። በቦታው የሚተካው «አሮጌውን እንያዝ ወይስ አዲሱን እንግዛ» የሚለው ሙግት ነው። አንደኛው ወገን አሮጌው ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ አብራሪውም መካኒኩም ጠባዩን ያውቁታል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ዘመኑ ያፈራውን ቴክኒክ መንፈግ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ የያዙት ክፍል አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ጉዳዩን ከመሣሪያው ዕድሜ ጋር ብቻ በማቆራኘታቸው ከተጨባጩ ሁኔታ ርቀዋል እንላለን።

ማንኛውም አቋም በተግባር ሊፈተን ይገባዋልና፣ ይህንን ሙግት ለብዙ ዓመታት ያስተናገደችውን አንዲት አገር እንመልከት። ይህች አገር ካናዳ ናት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካናዳ የፍለጋና የነፍስ አድን አገልግሎት በኃላፊነት የሚጠብቀው ክልል 18 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከፊሉ በረዶ፣ ከፊሉ ተራራና ደን፣ ከፊሉ ደግሞ በክረምት ለደቂቃዎች እንኳ የማይታመን ባሕር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል ሲመላለስ የኖረው «ላብራዶር» ይባል የነበረው፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ትላልቅ ተሽከርካሪ ክንፎች ያሉት ሄሊኮፕተር ነበር። ከመርከብ ላይ ሕሙማንን፣ ከበረዶ ውስጥ አዳኞችን፣ ከማዕበል መሐል ዓሣ አጥማጆችን በገመድ እየሳበ ያወጣ ባለውለታ መሣሪያ ነው።

የመሣሪያው መተኪያ ጊዜ ሲቃረብ፣ በ1992 በብራያን መልሩኒ ይመራ የነበረው ወግ አጥባቂ መንግሥት «ኢ ኤች 101» የተባሉ የእንግሊዝና የጣሊያን ሥራ የሆኑ 50 ሄሊኮፕተሮችን ለመግዛት መወሰኑን አስታወቀ። ከእነዚህ ውስጥ 35ቱ ለባሕር ኃይል፣ 15ቱ ለነፍስ አድን አገልግሎት የታቀዱ ነበሩ። ዋጋው ከ4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሲሆን፣ ቀዝቃዛው ጦርነት ባከተመበትና የመንግሥት ዕዳ የዕለት መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት የወጣ ዋጋ ነበር። የተቃዋሚው የሊበራል ፓርቲ መሪ ዣን ክሬትየን ይህንን አጋጣሚ አላሳለፉትም። ሄሊኮፕተሩን ከ«ካዲላክ» አውቶሞቢል ጋር እያነጻጸሩ የቅንጦት ዕቃ ነው በማለት በምርጫ ዘመቻው አዳራሾች ሁሉ አነሱት። በጥቅምት 1993 ምርጫውን አሸነፉ፣ ሥልጣን በያዙ ጊዜም ውሉን ወዲያውኑ ሰረዙት። ለስረዛው የተከፈለው ካሣና ወጪ ወደ 500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይጠጋል። በዚህ ገንዘብ አንድም ሄሊኮፕተር አልተገኘም።

እዚህ ላይ የምርጫ ፖለቲካ ከሕይወት አድን ሥራ ጋር ያለውን ቅራኔ ልብ ይሏል። ለባሕር ሰርጓጅ አደን የሚገዛውና ለነፍስ አድን የሚገዛው ሄሊኮፕተር በአንድ ውል፣ በአንድ ስምና በአንድ የዋጋ ቁጥር ታጅለው ለሕዝብ ቀረቡ። መራጩም ከመርከብ አደጋ የሚያወጣውን መሣሪያ ከጦር መሣሪያው ነጥሎ ለመመዘን ዕድል አላገኘም። በአንዱ ላይ የወረደው ውግዘት ሌላውንም ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ላብራዶሩ «ለጊዜው» እየታደሰ መብረሩን ቀጠለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋንቋ ከዚህች «ለጊዜው» ከምትባል ቃል የበለጠ ረጅም ዕድሜ ያላት ቃል መኖሯን እንጠራጠራለን።

ታሪኩ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ላይ መግባቱ ደግሞ ይበልጥ ያስተዛዝባል። ያው መንግሥት በጥር 1998 ለነፍስ አድን ሥራ 15 ሄሊኮፕተሮች ማዘዙን ሲያስታውቅ፣ የተመረጠው «ኮርሞራንት» የተባለው ዓይነት የዚያው የኢ ኤች 101 ቤተሰብ ነበር። በቅንጦት የተወገዘው መሣሪያ ስሙን ለውጦና አንዳንድ ዕቃዎች ተቀንሰውለት፣ በ790 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል በሌላ በር ገባ። አዲሶቹ ገና በፋብሪካ ሳሉ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን ከግሪንውድ ጦር ሠፈር የተነሣ አንድ ላብራዶር ከነፍስ አድን ተልእኮ ሲመለስ በኩቤክ ክፍለ ሀገር ማርሱዊ በተባለች መንደር አቅራቢያ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎች በሙሉ አለቁ። ውሉ በ1993 ባይሰረዝ ኖሮ ይህ አደጋ አይደርስም ነበር ብለን አንምልም። ነገር ግን ተተኪው በጊዜው ቢገባ ኖሮ ያ ላብራዶር በዚያ ቀን ተልእኮ ላይ የመገኘቱ ዕድል ምን ያህል ይጠብ እንደነበር አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል። የመጨረሻዎቹ ላብራዶሮች ከአገልግሎት የወጡት በ2004 ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው እንግዲያው አዲሱን መምረጥ ነበረባቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ አሮጌ የሚባለው የሄሊኮፕተሩ ምኑ ነው? ሄሊኮፕተር በበረራ ላይ ሳለ ዘወትር የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ነው። ብረቱ ይደክማል። ስለሆነም ተሽከርካሪ ክንፎቹ፣ ዘንጎቹና ማርሾቹ በበረራ ሰዓት ተቆጥሮ የተመደበላቸው ዕድሜ አላቸው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ቢያበሩም ባያበሩም ተነቅለው ይጣላሉ። በመሆኑም ሰላሳ ዓመት ያገለገለ ሄሊኮፕተር ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበሩት ተንቀሳቃሽ አካላት አንዱም ላይኖረው ይችላል። የሚያረጀው አካሉ፣ የሽቦ መስመሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መለዋወጫ የሚያመርትለት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ማምረቱን ሲያቆም መካኒኩ ከቆመው ነቅሎ ለሚበረው መግጠም ይጀምራል። ይህ በአገራችንም ጋራዦች የታወቀ ዘዴ ነው። ዘዴው ለጭነት መኪና ይሠራ ይሆናል፤ በሌሊት በባሕር ላይ ሰው አንጠልጥሎ ለሚቆም መሣሪያ ግን ውሎ አድሮ የሚበሩትን ቁጥር እየቀነሰ፣ የቆሙትን እያበዛ ይሄዳል። አሮጌው ርካሽ ነው የሚለው ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የግዢ ዋጋውን ትናንት ከፍለነዋልና አይታየንም፤ በጥገና ሰዓት የምንከፍለው ግን በየዓመቱ ይንራል።

ለኮርሞራንት የሚገባውን ምስጋና ልንነፍገው አንፈልግም። ሦስት ሞተሮች አሉት፤ አንዱ ቢጠፋ በሁለቱ ሥራውን ይቀጥላል። ሳይወርድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከኋላው የሚከፈት ሰፊ መውጫ ስላለው በሽተኛን በቃሬዛ ለማስገባት አመቺ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ተሽከርካሪ ክንፎቹን ከበረዶ ግግር የሚጠብቅ ማሞቂያ ያለው መሆኑ ነው። በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንባቸው ክረምቶች በመስኮት በረዶ ሲወርድ እያየን የምናጠና ሰዎች፣ ይህ ማሞቂያ ለካናዳ አብራሪ ምን ማለት እንደሆነ ለመገንዘብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። በክንፉ ላይ በረዶ የጋገረበት ሄሊኮፕተር መነሣቱ ቀርቶ መመለሱም አጠራጣሪ ነው።

ነገር ግን መሣሪያ ከቦታው ተነጥሎ አይመዘንም። ለካናዳ በረዶው እንደሆነ ሁሉ ለእኛ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበትን አየር ያጣል፤ በባሕር ጠለል ላይ ሃያ ሰው የሚያነሳ መሣሪያ በስሜን ተራሮች ጥቂቱን ለማንሳት ሊቸገር ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት የፖላንድ የሄሊኮፕተር ቡድን ይዟቸው የመጣው ኤም አይ-8 ሄሊኮፕተሮች በዲዛይን ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ። ሆኖም መንገድ በሌለባቸው ደጋማ ቦታዎች ላይ እየወረዱ፣ ትላልቆቹ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች እህል የሚጥሉባቸውን ሜዳዎች የሚያዘጋጁትን ሰዎች አድርሰዋል። ሕዝባችን ያስታወሰው እህሉ መድረሱን እንጂ የመሣሪያውን የልደት ዓመት አይደለም። ከዚያው ዝርያ በኋላ የወጣው ኤም አይ-17 ጠንካራ ሞተሮች የተገጠሙለት መሆኑም፣ አሮጌና አዲስ የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚነግሩን ያሳያል። ቅርጹ የቀድሞው ነው፤ ለደጋ አገር የሚበጀው ጉልበት ግን አዲስ ነው።

ወደ ካናዳ እንመለስ። ኮርሞራንት ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ በጅራቱ ተሽከርካሪ ክንፍ ማያያዣ ላይ ስንጥቅ መታየት ጀመረ። ማያያዣው ቶሎ ቶሎ እየተፈተሸ እንዲለወጥ ተወሰነ፤ መለዋወጫው ግን እንደሚፈለገው አልደረሰም። አሥራ አምስት ተብሎ የተገዛው ጥገና ቤት ውስጥ እየዋለ ለግዳጅ የሚቆመው ቁጥር አነሰ። በዚህም ምክንያት በ2005 ከትሬንተን ጦር ሠፈር ኮርሞራንቶች ተነሥተው በምትካቸው «ግሪፈን» የተባሉ፣ ለፍለጋና ለነፍስ አድን ዋና ሥራ ያልታሰቡ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች ተተኩ። አዲሱ መሣሪያ ቦታውን ለታናሹ ለቀቀ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ 13 ቀን 2006፣ አንድ ኮርሞራንት በኖቫ ስኮሻ ካንሶ አቅራቢያ ከጀልባ ላይ በገመድ ሰው የማንሳት የሌሊት ልምምድ ሲያደርግ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከሰባቱ የበረራ ባልደረቦች ሦስቱ ሞቱ። ምርመራው ትኩረት ከሰጣቸው ነጥቦች አንዱ የአብራሪዎቹ የልምምድ ጉድለት ነበር። የነገሩ ሰንሰለት ይህ ነው፦ ማያያዣው ይሰነጠቃል፣ መለዋወጫው ይዘገያል፣ ሄሊኮፕተሩ ይቆማል፣ የሚበሩት ጥቂቶች ለግዳጅ ይጠበቃሉ፣ አብራሪውም የሚለማመድበት ሰዓት ያጣል። በግዢ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ መለዋወጫና የሰው ሥልጠና ሁለት የተለያዩ የወጪ ርዕሶች ናቸው። በባሕሩ ላይ ግን የማይለያዩ መሆናቸው ታየ። በኋላ፣ በ2011፣ ካናዳ የአሜሪካ መንግሥት ለፕሬዚደንቱ ሊገለገልባቸው ጀምሮ የተዋቸውን ዘጠኝ የዚሁ ቤተሰብ ሄሊኮፕተሮች በ164 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። የገዛቻቸው ልታበርራቸው ሳይሆን ለመለዋወጫ ነበር። በቅንጦት የተወገዘው መሣሪያ ዘመዶች፣ ለርእሰ ብሔር የታሰቡት፣ ተፈታተው ዓሣ አጥማጅ ለሚያድነው ወንድማቸው አካል ሆኑ።

አዲስነት ሌላም የሚሰወር ጣጣ አለው። ከአትላንቲክ ማዶ፣ በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገልግሎት ዘመናዊ «ኤስ-92» ሄሊኮፕተር በሌሊት ነዳጅ ለመሙላት ሲያመራ ብላክሮክ ከምትባል ደሴት ጋር ተጋጭቶ አራቱም የበረራ ባልደረቦች ሞቱ። ሄሊኮፕተሩ ከመሬት ጋር መቀራረቡን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነበረው። በመሣሪያው የመረጃ ማኅደር ውስጥ ግን ደሴቲቱ አልነበረችም። የመብራት ማማ ቆሞባት መርከበኞችን ስታስጠነቅቅ የኖረች ዓለት ለኮምፒዩተሩ ውኃ ሆና ታየችው። የቀድሞ አብራሪ ወረቀት ካርታውን ሲዘረጋ ካርታው ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል፤ የሚናገር መሣሪያ ዝም ሲል ግን ዝምታውን እንደ ደኅንነት ምስክርነት መውሰድ የሰው ጠባይ ነው። መሣሪያውን እናወግዛለን ማለታችን አይደለም። የመረጃ ማኅደሩን ማን ይሞላዋል፣ ማንስ ያርመዋል ብለን እንጠይቃለን።

አሁን ከሁሉም የከበደው ነጥብ ላይ ደርሰናል። መጋቢት 12 ቀን 2009 የነዳጅ ሠራተኞችን ወደ ባሕር ላይ ማውጫዎች ይዞ ይበር የነበረ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር ከኒውፋውንድላንድ ምሥራቅ ባሕር ላይ ተከሰከሰ። ይህም አሮጌ አልነበረም። የዋናውን የማርሽ ሣጥን ዘይት ማጣሪያ የያዙት የቲታኒየም ብሎኖች በመበጠሳቸው ዘይቱ ፈሰሰ፤ ከ18ቱ ሰዎች 17ቱ ሞቱ። የጋንደር ነፍስ አድን ኮርሞራንቶች በዚያ ቀን ለልምምድ ወደ ኖቫ ስኮሻ ሄደው ስለነበር፣ በሕይወት የተረፈውን ሰው ከውኃ ያነሳው የዚያው የበረራ ኩባንያ ሄሊኮፕተር ነው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ከስባሪው ውስጥ ስላልወጡ ፈጣን ነፍስ አድን ቢደርስም ያተርፋቸው ነበር አንልም። ይሁን እንጂ አደጋው እስከዚያን ጊዜ በሰፊው ያልተወራ አንድ ደንብ ወደ አደባባይ አወጣ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። የካናዳ ነፍስ አድን ስኳድሮኖች በሥራ ሰዓት ከታዘዙ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲነሡ ይጠበቅባቸው ነበር። የሥራ ሰዓት የሚባለው በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ባሕሩ ቀሪውን 128 ሰዓት አያርፍም። እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ፦ አሮጌው ሄሊኮፕተር በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር፣ አዲሱ 280 ይጓዛል እንበል። ሰዎቹ ያሉት 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ አሮጌው በ78 ደቂቃ፣ አዲሱ በ64 ደቂቃ ይደርሳል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የገዛው ልዩነት 14 ደቂቃ ነው። ከ30 ደቂቃ ወደ ሁለት ሰዓት የሚያደርሰው የተጠንቀቅ ደንብ ግን እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። አዲሱ ሄሊኮፕተር ከማታው የሁለት ሰዓት ተጠንቀቅ ሲነሳ፣ አሮጌው ከ30 ደቂቃው ቢነሳ ይቀድመዋል፤ ያውም ከአንድ ሰዓት በላይ። በርግጥ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ ከደንቡ ቀድመው ይነሡ ነበር፤ በጎ ፈቃዳቸውን እናከብራለን፤ የመንግሥትን ግዴታ ግን በአብራሪ በጎ ፈቃድ ማካካስ አይቻልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ተጨማሪ ባልደረባ መቅጠር ደግሞ ፎቶግራፍ የሚነሳበት ሥነ ሥርዓት የለውም። ሪባን የሚቆረጠው ለሄሊኮፕተር ነው።

አደጋውን ያጠናው መርማሪ ኮሚሽን ለነዳጅ ሠራተኞች በሴንት ጆንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚነሳ ልዩ ሄሊኮፕተር እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ፤ ወጪውን በሚሸፍኑት የነዳጅ ኩባንያዎች በኩልም አገልግሎቱ ተደራጀ። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ባሕር፣ በዚያው ማዕበል፣ በትንሽ ጀልባው የሚሠራው ዓሣ አጥማጅ ኩባንያ የለውም። የሠራተኛው ሕይወት ዋጋ በአሠሪው የገንዘብ አቅም ሲለካ፣ አንዱ በ20 ደቂቃ፣ ሌላው በሁለት ሰዓት የሚታሰብበት ውኃ አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ እንዳለው ይዘነጋል። በኋላ፣ በ2013፣ የየአካባቢው አዛዦች ፈጣኑን ተጠንቀቅ አደጋ ወደሚበዛባቸው ሰዓታትና ወቅቶች እንዲያዛውሩት ሥልጣን ተሰጣቸው። ይህ አንድም ሄሊኮፕተር ሳይገዛ የተገኘ ለውጥ ነው።

በታኅሣሥ 2022 ካናዳ 13ቱን ኮርሞራንቶች ለማደስና ሦስት አዲስ ለመጨመር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ፈርማለች። አዲስ ሆኖ የገባው መሣሪያ ከሃያ ዓመት በኋላ አሮጌ ተብሎ በተራው ሙግቱ ላይ ቀረበ። እኛ የዚህን ውል ወይም ነገ በሌላ አገር የሚፈረመውን መሰል ውል ፍሬ ለማወቅ የምናነበው ገጽ የሞተሩ ጉልበት የተጻፈበትን አይደለም። ስንት መካኒኮች ሠልጥነዋል? ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ስንት መለዋወጫ በመጋዘን ተቀምጧል? አንድ አብራሪ በዓመት ስንት ሌሊት በባሕር ላይ ይለማመዳል? እሑድ ሌሊት ስልኩ ሲጮህ በሠፈሩ ውስጥ ነቅቶ የሚያነሳው ማነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በማንኛውም ፋብሪካ የሽያጭ መግለጫ ላይ አይገኝም፤ በዓመታዊው በጀት የደመወዝ ዓምድ ውስጥ ነው የሚፈለገው።